በእርሻ መሬት ላይ የሚገኙ ረግረጋማ ቦታዎችን ለመጠበቅ የሚሰጥ የመንግሥት ድጎማ፦ የአሜሪካ ተሞክሮ

የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በእርሻ ማሳ ውስጥ የሚገኙ ረግረጋማ ቦታዎችን ለሚጠብቁና ቀደም ሲል የደረቁትንም ወደ ቀድሞ ይዞታቸው ለሚመልሱ ባለ መሬቶች ክፍያ ይፈጽማል። ይኸው መንግሥት ከዚያ በፊት ለረጅም ዘመን ገንዘብ ያወጣ የነበረው እነዚሁ ቦታዎች እንዲደርቁና እንዲታረሱ ነበር። በመሆኑም የድጎማው ታሪክ የአንድ ፕሮግራም ታሪክ ብቻ ሳይሆን፣ መንግሥት በአንድ ወገን የሚከፍለውን በሌላው ወገን ከሚከፍለው ጋር ለማስማማት ያደረገው ረጅም ጥረት ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ረግረጋማ መሬት እና የጥቅሙ ባለቤት

ረግረጋማ መሬት የሚባለው በዓመቱ ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ ወይም ዓመቱን ሙሉ በውሃ የሚሸፈን ወይም አፈሩ በውሃ የሚረሰርስ ቦታ ነው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር አንድን ማሳ ረግረጋማ ብሎ ለመሰየም ሦስት ነገሮችን ይመረምራል። እነዚህም በውሃ መጥለቅለቅ የተነሣ የተለየ ባሕርይ የያዘ አፈር፣ እንዲህ ባለው አፈር ላይ መብቀል የሚችሉ ዕፅዋት እና በቂ የውሃ መጠንና የቆይታ ጊዜ መኖራቸው ናቸው።

እነዚህ ቦታዎች በዝናብ ወቅት ውሃን ይዘው ጎርፍን ያቀዘቅዛሉ። ከማሳ ታጥቦ የሚመጣውን ደለልና ማዳበሪያ ያጣራሉ፤ በተለይም በአፈራቸው ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን በውሃ ውስጥ የሟሟውን ናይትሬት ወደ ጋዝነት ለውጠው ወደ አየር ይለቁታል። በብዙ ሥፍራዎች የከርሰ ምድር ውሃን ያጎለብታሉ፤ ለዳክዬዎችና ለሌሎች ተሰዳጅ አዕዋፍም መራቢያና ማረፊያ ይሆናሉ።

ችግሩ ግን የጥቅሙና የወጪው ተካፋዮች የተለያዩ መሆናቸው ነው። ጎርፍ የቀነሰላት ከተማ ከወንዙ ግርጌ ትገኛለች። የተጣራውን ውሃ የሚጠጣው ሌላ ሰው ነው። ከሚሲሲፒ ወንዝ ጋር የሚወርደው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በየበጋው የኦክሲጅን እጥረት የሚፈጥረው ከእርሻዎቹ እጅግ ርቆ በሚገኘው የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ነው። ረግረጉን ሳያርስ የተወው ገበሬ ግን ሊያገኝ ይችል የነበረውን ምርት ያጣል፤ ትራክተሩንም ረግረጉን እያዞረ ለማረስ ይገደዳል። ለሕዝብ የሚሰጠውን ጥቅም በገበያ ሊሸጠው ስለማይችል፣ ማድረቁ ለግሉ የሚያዋጣ ሆኖ ይገኛል። የመንግሥት ድጎማ መነሻ ሐሳብ ይህንን ልዩነት ማካካስ ነው።

መንግሥት ማድረቅን የደገፈበት ዘመን

የአሜሪካ ኮንግረስ በ1849፣ በ1850 እና በ1860 ባወጣቸው የረግረጋማ መሬት ሕጎች ለ15 ክፍለ ግዛቶች በድምሩ 26 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ የፌዴራል መሬት ሰጥቷል። የሕጎቹ ዓላማ ክፍለ ግዛቶቹ መሬቱን ሸጠው በሚያገኙት ገንዘብ የጎርፍ መከላከያ ግድቦችንና የማፍሰሻ ቦዮችን እንዲሠሩ ነበር። በዚያን ዘመን ረግረግ የወባ መራቢያና ለልማት እንቅፋት የሆነ ባድማ ተደርጎ ይታይ ነበር።

በሃያኛው ክፍለ ዘመንም ድጋፉ በሌላ መልክ ቀጠለ። ከ1940ዎቹ ጀምሮ የግብርና ሚኒስቴር የማፍሰሻ ቦይ ለሚቆፍሩና ከአፈር ሥር የሸክላ ቱቦ ለሚቀብሩ ገበሬዎች የወጪ መጋራት ድጋፍና የቴክኒክ ምክር ይሰጥ ነበር። ከዚህም ሌላ ለሰብል የተሰጠው የዋጋ ድጋፍ ከደረቀው መሬት የሚገኘውን ገቢ አስተማማኝ በማድረጉ ለተጨማሪ ማድረቅ ማበረታቻ ሆኗል። በ1970ዎቹ የአኩሪ አተር ዋጋ ሲንር በሚሲሲፒ ወንዝ ታችኛው ሸለቆ፣ በተለይም በሉዊዚያና፣ በአርካንሳስና በሚሲሲፒ ክፍለ ግዛቶች፣ በውሃ ዳር የነበሩ ሰፋፊ ደኖች ተመንጥረው ወደ እርሻ ተለውጠዋል።

የአሜሪካ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት ለኮንግረስ ባቀረበው ዘገባ መሠረት፣ አላስካንና ሃዋይን ሳይጨምር በ48ቱ ክፍለ ግዛቶች በ1780ዎቹ 89 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ የነበረው ረግረጋማ መሬት በ1980ዎቹ ወደ 42 ሚሊዮን ሄክታር ወርዷል። ይህም ከግማሽ በላይ የሚሆነው መጥፋቱን ያሳያል። የካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት 91 በመቶ፣ ኦሃዮ 90 በመቶ፣ አዮዋ ደግሞ 89 በመቶ የሚሆነውን ረግረጋማ መሬታቸውን አጥተዋል። ከ1950ዎቹ አጋማሽ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ በነበሩት ዓመታት በአማካይ በየዓመቱ 185 ሺህ ሄክታር ገደማ የጠፋ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 87 በመቶው ለእርሻ ሲባል የተለወጠ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ የጥበቃ ክፍያዎች

ለረግረጋማ መሬት ጥበቃ የሚውል ገንዘብ መጀመሪያ የተገኘው ከአዳኞች ነው። በ1934 የወጣው ሕግ ዳክዬና ሌሎች ተሰዳጅ የውሃ አዕዋፍን የሚያድን ሰው የፌዴራል ቴምብር እንዲገዛ አስገደደ። የቴምብሩ ገቢም ለአዕዋፍ መጠለያ የሚሆን መሬት መግዣ ሆነ። ሕጉ በ1958 ሲሻሻል ገንዘቡ በእርሻ መካከል ለሚገኙ ትናንሽ ረግረጎች ግዢና የጥበቃ ውል እንዲውል ተፈቀደ። ይህም በተለይ በሰሜን ዳኮታ፣ በደቡብ ዳኮታና በሚኒሶታ ክፍለ ግዛቶች ለሚገኙት፣ የጥንት የበረዶ ግግር ትቷቸው ለሄደው አነስተኛ የውሃ ጉድጓዶች ጠቃሚ ነበር።

ይሁን እንጂ በዚያው ወቅት አንዱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ረግረጎችን ለመጠበቅ ሲከፍል፣ ሌላው እንዲደርቁ ይከፍል ነበር። ኮንግረስ በ1962 በእነዚሁ ሦስት ክፍለ ግዛቶች ለማድረቅ የሚሰጠውን የፌዴራል እርዳታ የሚገድብ ሕግ ያወጣው ይህን ግጭት ለመቀነስ ነበር። በ1970 የወጣው የውሃ ባንክ ሕግ ደግሞ ረግረጋቸውን ሳያደርቁና ሳያቃጥሉ ለሚያቆዩ ባለ መሬቶች በአሥር ዓመት ውል ዓመታዊ ክፍያ የሚሰጥ ሥርዓት ዘረጋ። ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተርም በግንቦት 1977 ባወጡት ትእዛዝ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ሌላ አማራጭ እስካለ ድረስ ረግረጋማ መሬትን የሚያጠፋ ሥራ ከመሥራትና ከመርዳት እንዲቆጠቡ አዘዋል።

በ1972 የወጣው የንጹሕ ውሃ ሕግ አፈር ወይም ሌላ ነገር ደልድሎ ረግረግን መሙላት በፈቃድ እንዲሆን አድርጓል። ነገር ግን በ1977 በተደረገው ማሻሻያ የተለመዱ የእርሻ ሥራዎች ከፈቃድ ነፃ ስለተደረጉ፣ የቁጥጥር ሕጉ ብቻውን በማሳ ውስጥ ያለውን ረግረግ ሊታደግ አልቻለም። ከ1970ዎቹ አጋማሽ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ የነበረው ጥፋት ከቀድሞው ቢቀንስም በዓመት 117 ሺህ ሄክታር ገደማ ነበር።

የ1985ቱ ሕግ፦ ድጎማን መከልከል

ዋናው የለውጥ ምዕራፍ የተከፈተው ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን ታኅሣሥ 23 ቀን 1985 በፈረሙት የምግብ ዋስትና ሕግ ነው። በሕጉ ውስጥ የተካተተው የረግረጋማ መሬት ድንጋጌ ማንንም ረግረግ እንዳያደርቅ አይከለክልም። የሚለው ከዚያ ቀን በኋላ ረግረግ አድርቆ ዓመታዊ ሰብል ያመረተ ሰው በአብዛኞቹ የግብርና ፕሮግራሞች የሚሰጠውን የመንግሥት ጥቅም ያጣል ነው። ጥቅሙን የሚያጣውም ለደረቀው ቁራሽ መሬት ብቻ ሳይሆን ለሚያርሰው መሬት ሁሉ ነው።

በመጀመሪያው አጻጻፍ ቅጣቱ የሚፈጸመው በደረቀው መሬት ላይ ሰብል ሲዘራ ብቻ ስለነበር፣ አንዳንዶች አድርቀው ሳይዘሩ መቆየት ይችሉ ነበር። በ1990 የወጣው የግብርና ሕግ ይህን ቀዳዳ ዘጋ። ከኅዳር 28 ቀን 1990 በኋላ ለእርሻ እንዲመች አድርጎ ረግረግን ያደረቀ ሰው ባይዘራበትም እንኳ ረግረጉ ወደ ነበረበት እስኪመለስ ወይም በሌላ ቦታ እስኪተካ ድረስ ጥቅሙን እንዲያጣ ተደነገገ።

ድንጋጌው ከነባሩ የእርሻ ኑሮ ጋር እንዳይጋጭ የተለያዩ ልዩ ሁኔታዎች ተበጅተውለታል። ከታኅሣሥ 23 ቀን 1985 በፊት ሙሉ በሙሉ ደርቆ ሲታረስ የነበረ መሬት በድንጋጌው አይነካም። በተፈጥሮ ድርቅ ወቅት ረግረጉን ሳያደርቁ ማረስም ይፈቀዳል። የሚደርሰው ጉዳት እጅግ አነስተኛ ከሆነ፣ ወይም ባለ መሬቱ የጠፋውን የሚተካ ረግረግ ካዘጋጀ ጥቅሙ አይቋረጥበትም። በቅን ልቦና ለተሳሳተ ሰውም ጊዜ ተሰጥቶት እንዲያስተካክል ይደረጋል። ረግረጉን የመለየት ኃላፊነት በግብርና ሚኒስቴር ሥር የሚገኘው የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ አገልግሎት ሲሆን፣ ጥቅም የመስጠትና የመከልከል ውሳኔ የእርሻ አገልግሎት ኤጀንሲ ነው። በውሳኔው ያልተስማማ ገበሬ ይግባኝ የማለት መብት አለው።

በ1996 የሰብል መድን ከዚህ ግዴታ ውጪ ተደረገ። በኋላም ለገበሬዎች የሚሰጠው ዋና ድጋፍ ወደ ሰብል መድን እያዘነበለ በመሄዱና መንግሥት በአማካይ ከመድን አረቦኑ ከግማሽ በላይ የሚከፍል በመሆኑ፣ ግዴታው የሚያስፈራው ነገር እየቀነሰ መጣ። በ2014 የወጣው የግብርና ሕግ የመድን አረቦን ድጎማውን እንደገና ከረግረጋማ መሬት ጥበቃ ጋር አስተሳስሮታል።

የረግረጋማ መሬት ተጠባባቂ ፕሮግራም፦ መብትን መግዛት

ድጎማን መከልከል አዲስ ጥፋትን ሊያቆም ይችላል፤ ቀድሞ የደረቀውን ግን አይመልስም። በመሆኑም በ1990 የወጣው ሕግ የረግረጋማ መሬት ተጠባባቂ ፕሮግራም የተባለውን አቋቋመ። ፕሮግራሙ በ1992 በዘጠኝ ክፍለ ግዛቶች በሙከራ ሲጀመር፣ ገበሬዎች ለመመዝገብ ያቀረቡት መሬት ከተያዘው የ20 ሺህ ሄክታር ገደማ ዕቅድ በብዙ እጥፍ በልጦ ተገኝቷል። በ1993 የሚሲሲፒንና የሚዙሪን ወንዞች ተከትሎ ከደረሰው ታላቅ ጎርፍ በኋላም፣ ግድብ ተሰብሮ ማሳቸው የተጎዳባቸው ገበሬዎች መሬቱን ለመጠገን ከመድከም ይልቅ ወደ ፕሮግራሙ እንዲያስገቡ ልዩ አሠራር ተዘርግቷል።

የፕሮግራሙ ጣሪያ በ1996 ሕግ 395 ሺህ ሄክታር ገደማ፣ በ2002 ሕግ 920 ሺህ ሄክታር ገደማ፣ በ2008 ሕግ ደግሞ ከ1.2 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንዲሆን ተወስኗል። የ2014 ሕግ ይህን ፕሮግራም የእርሻና የግጦሽ መሬትን ለመጠበቅ ከተቋቋሙ ሌሎች ፕሮግራሞች ጋር አዋሕዶ የግብርና ጥበቃ ውል ፕሮግራም በሚል ስያሜ እንደገና አደራጅቶታል። በዚያን ጊዜ በቀድሞው ፕሮግራም የተመዘገበው መሬት ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ ደርሶ ነበር። በ2018 የወጣው ሕግ ለተዋሐደው ፕሮግራም በዓመት 450 ሚሊዮን ዶላር መድቧል።

የክፍያው አሠራር

በዚህ ፕሮግራም መንግሥት መሬቱን አይገዛም። የሚገዛው መሬቱን የማረስና የማልማት መብትን ነው። ባለ መሬቱ የባለቤትነት ማረጋገጫውን እንደያዘ ይቆያል፤ መሬቱን ሊሸጥና ሊያወርስ ይችላል። ማን ወደ መሬቱ እንደሚገባ ይወስናል፤ ለአደን፣ ለዓሣ ማጥመድና ለመዝናኛ ይጠቀምበታል፤ በመሬቱ ላይ የሚጣለውንም ግብር ይከፍላል። ማረስ፣ ማድረቅና ቤት መሥራት ግን አይችልም። ሣር ማጨድና ከብት ማሰማራት የሚፈቀደው ለረግረጉ የማይጎዳ መሆኑ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። ውሉ በአካባቢው የመሬት መዝገብ ስለሚገባ፣ መሬቱን የሚገዛ ወይም የሚወርስ ሰው ሁሉ በውሉ ይገደዳል።

የውሉ ዓይነቶች በዋናነት ሁለት ናቸው። በቋሚ ውል መንግሥት የመብቱን ዋጋ መቶ በመቶ የሚከፍል ሲሆን፣ መሬቱን ወደ ረግረግነት ለመመለስ ከሚወጣው ወጪ ደግሞ ከ75 እስከ 100 በመቶ ይሸፍናል። በ30 ዓመት ውል የሚከፈለው ከመብቱ ዋጋም ከመልሶ ማቋቋሚያው ወጪም ከ50 እስከ 75 በመቶ ነው። ለነባር የአሜሪካ ሕንዶች መሬት የ30 ዓመት ኮንትራት የሚሰጥበት የተለየ አሠራር አለ።

ዋጋው የሚወሰነው ሦስት መጠኖችን በማነጻጸር ነው። እነሱም መሬቱ በገበያ የሚያወጣው ዋጋ፣ ለአካባቢው የተቀመጠው የክፍያ ጣሪያ እና ባለ መሬቱ ራሱ በጽሑፍ ያቀረበው ዋጋ ሲሆኑ፣ ከሦስቱ ዝቅተኛው ይከፈላል። ይህ አሠራር በሕግ የተወሰነው በ2008 ነው። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የግምት ዘዴው ተለውጦ ክፍያው በመቀነሱ አመልካቾች መሸሻቸው ትምህርት ሆኗል።

ሌሎች ጥንቃቄዎችም አሉ። መሬት ገዝቶ ወዲያው ወደ ፕሮግራሙ በማስገባት ማትረፍ እንዳይቻል ባለ መሬቱ ቢያንስ ለ24 ወራት ይዞት የቆየ መሆን አለበት። የገጠር ገበያ እንዳይዳከምም በአንድ ወረዳ ውስጥ ካለው የእርሻ መሬት ከ25 በመቶ በላይ በዚህና ለአፈር ጥበቃ መሬት በሚያሳርፈው ሌላው ፕሮግራም ሊያዝ አይችልም፤ ማዳበሪያ ሻጩ፣ የእህል ነጋዴውና የትራክተር ጠጋኙ የሚኖሩት መሬቱ ሲታረስ በመሆኑ ነው።

ውሉ ከተፈረመ በኋላ የሚሠራው የመሬት ሥራ የቀድሞው ማድረቂያ ሥራ ግልባጭ ነው። ከአፈር ሥር የተቀበሩት ቱቦዎች ይሰበራሉ፤ የማፍሰሻ ቦዮች ይደፈናሉ። ዝቅ ያሉ የአፈር ክትሮችና የውሃ መቆጣጠሪያ በሮች ይሠራሉ፤ በወንዝ ዳርቻዎችም የኦክና ሌሎች አገር በቀል ዛፎች ይተከላሉ። የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ አገልግሎት ባለሙያዎች በቦታው በመገኘት ወይም በአየር ፎቶግራፍ የውሉን አፈጻጸም ይከታተላሉ።

ከዚህ ቋሚ ውል ሌላ፣ በ1985 ሕግ የተቋቋመው የመሬት ጥበቃ ተጠባባቂ ፕሮግራም መሬታቸውን ከ10 እስከ 15 ዓመት ከእርሻ ለሚያሳርፉ ገበሬዎች ዓመታዊ ኪራይ ይከፍላል። በዚህ ፕሮግራም ውስጥ በማሳ መካከል ለሚገኙ ትናንሽ ረግረጎችና በዙሪያቸው ለሚተው የሣር ቀለበት የተለየ ክፍል አለ። ኪራዩ ከቋሚ ውል ይልቅ ለገበሬው ነፃነት ይሰጣል። ይሁንና የእህል ዋጋ በናረበት ጊዜ ውሉ ሲያበቃ መሬቱ ተመልሶ ሊታረስ ይችላል።

የተገኙ ውጤቶች

ከ1986 እስከ 1997 በነበሩት ዓመታት የረግረጋማ መሬት የተጣራ ጥፋት በዓመት ወደ 24 ሺህ ሄክታር ገደማ ዝቅ ብሏል። ከዚህም ውስጥ የእርሻ ድርሻ 26 በመቶ ያህል ነበር። ይህም ከ1950ዎቹና ከ1960ዎቹ ጋር ሲነጻጸር ከፍተኛ ለውጥ ነው። ለለውጡ የሕጎቹ ድርሻ ጉልህ ቢሆንም፣ በ1980ዎቹ የእህልና የመሬት ዋጋ መውደቁ እንዲሁም ለማድረቅ የሚያመቸው መሬት አብዛኛው ቀድሞ መድረቁ አስተዋጽኦ እንዳደረጉ መታወቅ ይኖርበታል።

በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት በኢሊኖይ ወንዝ ዳር የሚገኘው ኢሚኩዎን የመልሶ ማቋቋም ሥራው ከሚጠቀስባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ውሃቸው በግድብና በፓምፕ ተመጦ የደረቁት ሁለት ሐይቆች ለሰማንያ ዓመታት ያህል በቆሎና አኩሪ አተር ሲመረትባቸው ቆይተዋል። በ2000 ኔቸር ኮንሰርቫንሲ የተባለው ድርጅት ወደ 2,900 ሄክታር ገደማ የሚሆነውን ይህን እርሻ ገዛ፤ ከመሬቱም ከፍ ያለው ክፍል ወደ ረግረጋማ መሬት ተጠባባቂ ፕሮግራም ገባ። በ2007 ፓምፖቹ ሲቆሙ ውሃው ተመለሰ። በ2012 አካባቢው ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ባላቸው ረግረጋማ ቦታዎች የራምሳር መዝገብ ውስጥ ሰፍሯል።

በሚሲሲፒ ታችኛው ሸለቆም በፕሮግራሙ አማካይነት የተተከሉት ደኖች ተበጣጥሰው የነበሩትን የዱር እንስሳት መኖሪያዎች አገናኝተዋል። በ1992 ለአደጋ ከተጋለጡ እንስሳት ተርታ ተመዝግቦ የነበረው የሉዊዚያና ጥቁር ድብ በ2016 ከመዝገቡ ሲሰረዝ፣ ገበሬዎች በፈቃዳቸው ወደ ውል ያስገቡት መሬት ለማገገሙ ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ነበር። በኦሪገን ክፍለ ግዛት በዊላሜት ሸለቆ የሚኖረውና ኦሪገን ቸብ የሚባለው ትንሽ ዓሣም በ2015 ቁጥሩ አገግሞ ከመዝገቡ የወጣ የመጀመሪያው የአሜሪካ ዓሣ ሆኗል።

የታዩ ድክመቶች

የሥርዓቱ ደካማ ጎን በዋናነት የሚታየው በአፈጻጸም ላይ ነው። የኮንግረስ የኦዲትና የምርመራ ተቋም የሆነው የመንግሥት ተጠያቂነት ጽሕፈት ቤት በ2003 ባወጣው ዘገባ፣ የጥበቃ ድንጋጌዎቹ ከአንዱ የመስክ ጽሕፈት ቤት ወደ ሌላው በተለያየ መንገድ እንደሚፈጸሙና ብዙ ቅጣቶች በቂ ማብራሪያ ሳይቀርብባቸው እንደሚነሡ አመልክቷል። ጽሕፈት ቤቱ በ2021 ባወጣው ሌላ ዘገባ ደግሞ፣ ከ2014 እስከ 2018 በሰሜንና በደቡብ ዳኮታ ድንጋጌው ከሚመለከታቸው 417 ሺህ ገደማ የመሬት ክፍሎች መካከል ጥሰት ተገኘባቸው የተባሉት እርሻዎች በየዓመቱ ከአምስት ያነሱ እንደነበሩ ገልጿል። ዘገባው ይህን ያነሣው በቁጥጥሩ ናሙና አመራረጥ ላይ ጥያቄ በማቅረብ ነው።

ለችግሩ አንዱ ምክንያት የመስክ ሠራተኛው የሚገኝበት ሁኔታ ነው። ይህ ሠራተኛ በአንድ በኩል ገበሬው በፈቃዱ ወደ ጥበቃ ፕሮግራም እንዲገባ የሚያሳምን አማካሪ ነው። በሌላ በኩል የዚያኑ ገበሬ ድጎማ ሊያስቋርጥ የሚችል ማስረጃ የሚሰበስብ መርማሪ ነው። ሁለቱን ኃላፊነቶች በአንድ ሰው ላይ መጫን ምክሩንም ቁጥጥሩንም ያዳክማል።

ሁለተኛው ድክመት ከሕግ ለውጥ የመጣ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በግንቦት 2023 በሰጠው ውሳኔ የንጹሕ ውሃ ሕግ የሚሸፍነው ከወንዞችና ከሐይቆች ጋር በገጸ ምድር ሳይቋረጥ የተያያዙ ረግረጎችን ብቻ መሆኑን ወስኗል። ስለዚህ በማሳ መካከል ለብቻቸው የሚገኙ ብዙ ረግረጎች ከፌዴራል ቁጥጥሩ ውጪ ሆነዋል። የክፍለ ግዛት ሕግ በማይደርስበት ሥፍራ እነዚህን ረግረጎች የሚጠብቃቸው የ1985ቱ ድንጋጌና የድጎማ ውሎቹ ናቸው።

የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት በ2024 ይፋ ያደረገው ዘገባም ጥፋቱ እንዳልቆመ ያሳያል። ከ2009 እስከ 2019 በ48ቱ ክፍለ ግዛቶች የጠፋው የተጣራ ረግረጋማ መሬት 89 ሺህ ሄክታር ገደማ ሲሆን፣ የጥፋቱ ፍጥነት ከቀደመው የጥናት ጊዜ በ50 በመቶ ጨምሯል። ዕፅዋት ያላቸው ረግረጎች ለብቻ ሲታዩ የጠፋው ከ270 ሺህ ሄክታር ይልቃል። ልዩነቱ የመጣው በሰው እጅ የተሠሩ ኩሬዎች በሒሳቡ ውስጥ ስለሚደመሩ ነው። ኩሬ ግን የተፈጥሮ ረግረግን አገልግሎት ሙሉ በሙሉ ሊተካ አይችልም።

ከተሞክሮው የሚወሰድ ትምህርት

ከዚህ ረጅም ተሞክሮ ለፖሊሲ አውጪዎችና ለአስፈጻሚ አካላት የሚጠቅሙ አንዳንድ ነጥቦችን ማውጣት ይቻላል። የመጀመሪያው፣ አዲስ የጥበቃ ድጎማ ከመመደቡ በፊት ጥፋትን የሚያበረታታው ነባር ድጎማ መመርመር ያለበት መሆኑ ነው። በአሜሪካ ከ1934 እስከ 1985 የተከፈለው የጥበቃ ገንዘብ ከፊሉ የባከነው በሌላው መሥሪያ ቤት ክፍያ ስለተሸረሸረ ነው። ሁለተኛው፣ ሊከለከል የሚችል ጥቅምና የሚሰጥ ክፍያ ተደጋግፈው መቆም ያለባቸው መሆኑ ነው። ክልከላው አዲስ ጥፋትን ይገታል፤ ክፍያው ደግሞ ገበሬው ያጣውን ገቢ ይተካል። ሦስተኛው፣ የውል ዘመን ባጠረ ቁጥር ውጤቱ በእህል ዋጋ መናር ሊቀለበስ የሚችል መሆኑ ነው። አራተኛው ደግሞ፣ ለክትትል የሚሆን ሠራተኛና በጀት ከክፍያው ጋር አብሮ ካልተያዘ ውሉ ወረቀት ላይ ሊቀር የሚችል መሆኑ ነው።

ይህ አሠራር እንዳለ ወደ ሌላ አገር ሊዛወር እንደማይችልም መታወቅ አለበት። የአሜሪካው ውል የተመሠረተው በግል የመሬት ባለቤትነትና በመሬት ገበያ ላይ ነው። በኢትዮጵያ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑና መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ በመሆኑ፣ የማረስ መብትን በገበያ ዋጋ የመግዛት ሥርዓት በቀጥታ ሊሠራ አይችልም። ሆኖም በኢሉባቦር እንደታየው የሸለቆ ረግረግን አንጠፍጥፎ በቆሎ መዝራት በኢትዮጵያም የሚታወቅ አሠራር በመሆኑ፣ ረግረጉን ሳያርስ ለሚተው አርሶ አደር ቤተሰብ ያጣውን እህል ማን ይተካል የሚለው ጥያቄ በሁለቱም አገሮች አንድ ነው። የአሜሪካ ተሞክሮ የሚያሳየው ይህ ጥያቄ ተገቢ መልስ ሳያገኝ የሚደረግ ጥበቃ ዘላቂ እንደማይሆን ነው።